መጀመሪያ በባዶው

ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ጠራርገው ነው የወጡት፣
ከማሞቂያው ጀርባ የነበረች ካርቶን ብቻ ነው የረሱት።
አሥራ አንድ ጥቅል ፊልም፣ ጣት የማይሞላ ስፋቱ፣
«ሐይቁ፣ ስልሳ ሰባት» ይላል በእርሳስ፣ ያንዱ ቆርቆሮ ፊቱ።
ሌላው «ልደት» ይላል፤ የማን እንደሆነ አይልም።
ወደ መብራት ይዤ ባየው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም
አንዱ ምስል፤ ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አያሳይም።

አሸተትኩት። «ኮምጣጤ ከሸተተሽ ሞቷል» ነው ያለኝ
ሰውዬው በስልክ፤ ቀዳዳውንም ለክቼ እንድነግረው አዘዘኝ፤
ትንሽ ከሆነ ሌላ ማሽን፣ ትልቅ ከሆነ ሌላ፤
ያንዱ ጥርስ የሌላውን ፊልም ነው አሉ የሚበላ።

በየካቲት ቅዳሜ፣ የዊኒፔግ ብርድ መኪና ሲያስለቅስ፣
ደጁን መታሁ፣ ከሴልከርክ ጎዳና እንደምንም ስደርስ።
ኦሬስት ይባላል፤ የባቡር መካኒክ ነበር፣ ጣቱ ዛሬም ዘይት ይሸታል።
ሦስት ማሽን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ዝም ብሎ እጄን ያያል።

እጄ የሚያብለጨልጨው ላይ አረፈ። ቆዳ ነው መያዣው፣
ሳጥኑ ከነቁልፉ፣ ከነደረሰኙ ነው የቆየው።
ሳቀና ክዳኑን ፈታ፣ ቀበቶውን በጣቱ ነካ፤
ሃምሳ ዓመት ቁጭ ብሎ ጎማው ሬንጅ ሆኗል ለካ።
«ያልሠራ ማሽን አትመኚ፤ ያልሠራ ነው የሚበሰብስ፤
የተዳበሰ ይሻላል፣ በየበዓሉ የሚቀሰቀስ።»

ሁለተኛው ብርሃኑ ኃይለኛ፣ ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና።
ጥቅሌን ላጎርሰው ስል እጄን ያዘ፤ «መጀመሪያ በባዶው! ገና
አታውቂውም።»
መሳቢያውን ፈተሸ፤ ባዶ ፊልም የለም።
ቆሞ አሰበና ከመደርደሪያው አንዱን ሳበ፤ የእኔን አይደለም፣
የራሱን።

ግድግዳው ላይ በረዶ፣ ገመድ ላይ ደርቆ የቆመ ሸሚዝ፣
አንዲት ሴት የእጅጌውን ጫፍ እንደ ሰው እጅ ስትይዝ፣
ልትጨብጠው፣ ልትስቅ ስትል፣ ማሽኑ ተነቀነቀ፤
ከትከሻዋ ቡናማ አረፋ ተነሣ፣ ሰፋ፣ ዋጣት፣ አለቀ።

ጮኽኩ። ሶኬቱን ነቀለ። ሽታው ክፍሉን ሞላው።
«ይቅርታ» ስለው፣ ፊልሙን ወደ አምፖሉ አንሥቶ አየው፤
«በሰከንድ አሥራ ስድስት ምስል፤ የነደደው ሁለት ነው፤
ቀጥላ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ» አለና ቆረጠው።
ቁራጯን ግን አልጣላትም፤ ከደረት ኪሱ ከተታት።
ሚስቱ ትሆን? አልጠየቅኩም፤ እሱም ስሟን አልጠራት።

ሦስተኛው ጎኑ የተመታ፣ ክዳኑ የጠፋ፣
ማብሪያው በፕላስተር የታሰረ፣ መልኩ ለዓይን የከፋ።
መስኮቱን በጥጥ ጠረገ፣ ጥርሱን በጥፍሩ ዳሰሰ፣
ያንኑ የተቃጠለ ፊልም ቀጥሎ ደግሞ አጎረሰ።
ሴትዮዋ ከተቆረጠው ላይ ትንሽ ዘለል አለች፣
ከዚያ ባዶ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ቤት ገባች።

«ስድሳ ዶላር» አለኝ። «አርባ» አልኩ፣ ከልማድ እንጂ ከልቤ አይደለም።
«ስድሳ» አለ። ከፈልኩ። አምፖል መረቀልኝ፤ እንዲህ ያለው ሱቅ የለም።

ማታ በባዶው ከፈትኩት። ካሬ ብርሃን፣ ነጭ ግድግዳ፤
ጽላት በጣቷ ጥንቸል ሠራች፤ ባሌ ሳህን ይዞ ቆመ እንደ እንግዳ።
ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አላየንም፤ ያንን ምንም ነው ያየነው።
ከዚያ «ልደት»ን አጎረስኩ።

ኬክ የለም፣ ሻማ የለም። ደረጃ ነው፤ የእኛው ደረጃ፤
መስኮቱ ያው፣ ሌላ የሆነው መጋረጃው ብቻ።
ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ እየሮጠች ትወርዳለች፤
ሦስተኛዋ እርከን ላይ ስትደርስ ሳትረግጣት ዘለለች።

ጽላት ወደ እኔ ዞረች።
ያቺ እርከን ሲጢጥ ትላለች፤ እኛም አንረግጣትም።
«እማ፣ መልሺው።»
ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ኦሬስት ይህን አልነገረኝም።
ልጅቱ ፊቷን ወደ እኛ እንዳደረገች፣ የኋሊት ወደ ላይ ሮጠች፤
ያን ጊዜም አልረገጠቻትም።