ጥጥ

ኩታበር፣ ሐምሌ ላይ፣ ጭጋግ እንደ ወረደ፣
ከነጭ በግ፣ ከነጭ አውራ፣ ጥቁር ግልገል ተወለደ።
«አጥር ዘሎ ነው» አለ አባቴ፣ «የይመር አውራ ነው!»
የይመር በግ ጥቁር ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለው።
ይመርም ደጃችን ቆሞ ምሎ ተገዘተ፣
«ያረጀ በግ ነው፣ ጉድባ መዝለል አቅቶታል» ብሎ ተሟገተ።

ለእሑድ ሽማግሌ ተጠራ።
እኔ ማታውን፣ ከኩራዝ ጋራ፣
የመምህር አረጋን ባለ አራት ክፍል ሣጥን አሰመርሁ።
ፊደላችን ትልቅና ትንሽ፣ ጌታና ሎሌ አያውቅም፤
«ነ» ለነጭ፣ «ጥ» ለጥቁር ብዬ ደረደርሁ።
ነነ። ነጥ። ደግሞ ነጥ፤ ነጭ ለብሶ ጥቁር የሸሸገ።
በመጨረሻው ጥግ፣ ጥ ከጥ ሲገጥም፣
ጥጥ።
ብቻዬን ሳቅሁ።

ደብተሬን አሳየሁት።
«እንግዲህ የሚቀጥሉት ሦስቱ ነጭ ናቸው?»
«የለም አባዬ፤ ዕጣ እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤
በየምጡ እንደ አዲስ ነው።»
ዝም አለ።
የታናሼን የመኪያን ዓይን አየ፣
ያን ቤታችን ማንም የሌለውን የማር ቀለም፣
ስምንት ዓመት ሰው ያወራበትን።
ከዚያ እናቴን፣ ቀና ሳይል፣
«ውሃ ስጪኝ» አላት፣ ለስለስ ብሎ።

እሑድ ሽማግሌው ቀረ።
ግልገሉ አደገ፤ ዛሬም «ጥጥ» እንለዋለን፣
ከሰል የመሰለውን።