መብራት

በኅዳር ውርጭ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ባጃጇ እያቃሰተች ጀመረች አቀበት።
አንለይ ነው የሚነዳት፣ ጋቢው እስከ አፍንጫው፤
አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ በአንዱ ነው መውጫው።
እኔ ሒሳብ መርማሪ፣ ለአምስት ቀን የመጣሁ፣
ቀኑን ከመዝገብ ጋር ስታገል የዋልሁ።
«እንጅባራን» አለኝ፣ «ከታች ሆኖ ያየ
ጭቃዋን ነው ያየው፤ እሷን መች ለየ!
ሠላሳ ብር ስጠኝ፤ መውረጃው በነጻ፤
ከላይ ሆነህ እያት፣ ሌሊት ስትነጻ።»

ባጃጇ እምቢ ካለችበት ቀሪውን በእግር ወጣን፤
ከቀርቀሃው መሐል ሰው የጠራን መስሎን
ሁለት ጊዜ ቆምን።
ድንጋይ አዳልጦኝ ክንዱን ብይዝበት፣
«ያዝ» አለኝ፣ «ስሜ አንለይ ነው፤ ምን አለበት!»

ከዚያ ጫፉ ደረስን። ከተማዋ ከሥር፣
የሰበካ ሣጥን ተገልብጦ የፈሰሰ ዝርዝር፤
ልማዴ ሆነና ጣቴ ተነሣ ልቆጥር።

«ያ ነጩ መናኸሪያው፤ ቢጫው ፍርድ ቤቱ፤
ብልጭ ድርግም የሚለው ጠጅ ቤት ነው፣ የይታክቱ።
ከዳር ቀላ ያለው፣ ጭሱ ቀና የማይል፣ ያልወጣ፣
ከሰል ነው፤ ገብሳችንን አስለቅቆ የመጣ።
ያቺ ብቻዋን ያለች፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣
የኔ ናት፤ ሰው የለባትም፤ አብርቼ ነው ማደጌ።»

ዝም አለ።
ጋቢውን አጠበቀ፤ በአዊኛ አንድ ነገር
አጉረመረመ። አልገባኝም። የቋንቋም አይደል ነበር።

ወዲያው ጠፋ። ሁሉም። በአንድ ትንፋሽ እፍታ።
መናኸሪያው ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ሄደ፤ ሄደች ያቺም ቦታ።
የቆጠርሁት ሁሉ፣ መቶ ሰባ አራቱ፣
ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ባዶ ሆነ በሌሊቱ።

«ሄደች» አለ አንለይ። «መብራት ናት?» ስለው፣
«መብራት ናት» አለኝ፤ ሳቁን ነው የሰማሁት፤ ፊቱ ጨለማ ነው።
«እንዲሁ ነው አካሄዷ፤ ቁጣ የለ፣ ኩርፊያ የለ፤
ራቴን አቀረበች፤ ሸሚዜ ተጣጥፎ ዋለ፤
በነጋው፣ የቻግኒው አውቶቡስ፣ ወንበር ዐሥራ ሁለት፤
ትኬት ቆራጩ ‹አየኋት› አለ።»

እኔ የጠየቅሁት ስለ ሽቦው ነበር።
አንድ ቃል ይዘን ሁለት ሆነን ቆምን።

ሆስፒታሉ ብቻ፣ በጄኔሬተር እያሳለ፣
ሁለት መስኮት አበራ፤ አንድ ሰው
እየመጣ ወይ እየሄደ አለ።
አንዲት አይሱዙ ደግሞ፣ ከሰሏን ተጭና፣
ወደ ቡሬ ትሳባለች በቀይ ጭራዋ ተማምና።
ያን ጊዜ ነው ሰማዩ የወረደ፣ እስከ ትከሻችን፤
ውርጩ ሣሩ ላይ ሲሰነጠቅ ይሰማል ከእግራችን።
ጣቴን ኪሴ ከተትሁ። ኮከብ አልቆጥርም፤
ያልተመዘገበ ንብረት ለኔ ሥራ አይሆንም።

ስንት እንደ ቆየን እንጃ።
«እንውረድ» አልሁት።
«ትንሽ» አለኝ።
እንደገና «እንውረድ» ልል አፌን ስከፍት
ብርሃኑ ቀድሞ ደረሰ፤ ድምፁ ቆይቶ ተከተለ፤
ከየጓሮው፣ ከየበረንዳው፣ አንዱ ካንዱ እየተቀበለ፦
«መጣች! መብራት መጣች!»

አንለይ ብድግ አለ።
ፊቱን አዞረ፤ ወደ ከተማዋ ግን አይደለም፤
ወደ ቻግኒ መንገድ።
መንገዱ ላይ ምንም የለም።

ቁልቁለቱን በዝምታ ወረድን፤ ሞተሩን አጥፍቶ።
ያደርሁበት ሆቴል በር ላይ ሠላሳውን ስሰጠው፣
እጁን አላጠፈም።
«አርባ ነው» አለኝ። «ዐሥሩ የመጠበቂያ።»

ከፈልሁ፤
ያለ ደረሰኝ።