ወስፌ

ዮስ ይሉኛል፣ ጠራቢ፣ ከዴንደር ወንዝ ዳር፤
ድሮ የምሠራው አልጋና ወንበር ነበር።
ከዚያች ሰኔ ወዲህ፣ ካለፈው ዘመቻ፣
ደጄን የሚመታ እግር ፈላጊ ብቻ።
የወንዙን አኻያ አድርቄ፣ ሰንጥቄ፣
«ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች?» ጠይቄ፣
ለማሰሪያው ጠፍር ቀዳዳ ስበሳ
ወረፋ ጠባቂው ይጀምራል ሙገሳ።
አግዳሚዬ አንድ ነው፤ ቦታውም ይጠባል፤
ጠላት ከጠላቱ ትከሻ ገጥሟል።

ኦኖሬ፣ አሥር አለቃ፣ በክራንች ከበሮ
ወለሌን ቀጠቀጠ አንገቱን አዙሮ፤
«እኛማ ስንመጣ ሰልፋችን እንደ ጎርፍ፣
የፊተኛው ሲወድቅ የኋላው የማያርፍ፤
ከበሮው እያለ ‹ቅደም! ቅደም! ቅደም!›
ያየን ሁሉ ሸሸ፣ ሳይፈስ ጠብታ ደም።»

ኦባዳያ ሳቀ፤ ፒፓውን ነቀለ፤
እንግሊዝ ነውና ቀስ እያለ አለ፦
«ጩኸት ለገበያ! ዝምታ ነው የኛ፤
ከኮረብታው ጀርባ፣ ሣር ላይ ስንተኛ፣
የኮታችሁ ቁልፍ እስኪቆጠር ድረስ፣
ሁለት ቀጭን ረድፍ፣ አንድ ሰው ሳይተነፍስ፤
ከዚያ አንድ ተኩስ፣ ከዚያ ሦስት ሆታ፣
ከዚያ ሳንጃ ቁልቁል፤ ማን ቆሞ ሊረታ!»

ሞስኮቡ ዬፊም ግን፣ ከወዲያኛው ሰፈር
ድንበር ከሚጠብቀው ጦር ጋር የነበር፣
ቋንቋችን ቢያጥረው እጁ እየሞላለት፣
መጥረጊያዬን ይዞ ጠመንጃ አደረጋት፦
«እኛ አገር ሳንጃውን የሚያወልቅ የለም፤
ስንበላም ተሰክቶ፣ ሲነጋም፣ ሲጨልም፤
ጥይት ቆጥረው ሰጡን፤ ጥይትማ ውድ ነው፤
ለበሬ በነጻ የተሰጠው ቀንድ ነው።»

እኔ ጦር አላውቅም፤ ያወቅሁት ጉቶ ነው፤
የሁሉም አገር እግር አኻያ ሲሆን አንድ ነው።
የፈረንሳይ ጉቶ ከእንግሊዝ ልዩነት
የለውም፤ ሲበርድ ያመዋል ሌሊት ሌሊት።
መዝገብ አለኝ፣ ትንሽ፤ ገለጥሁት፤ ተጽፏል፤
ማን በምን እንደጣ በተራ ሰፍሯል፦
መድፍ፣ ጥይት፣ መድፍ፣ የሠረገላ ጎማ፣
አንዱም ገደል ገብቶ፣ ሰክሮ በጨለማ፤
ሳንጃ ግን ፈለግሁ ከላይ እስከ ታች፤ እንጃ፣
አንድም እግር የለም የሄደ በሳንጃ።

«ጌቶቼ» አልኳቸው፣ «ይህ ሁሉ ጨበጣ
የት ነው የተደረገ? ማን በማን ላይ መጣ?»
ተያዩ። ኦኖሬ ከበሮው አቆመ፤
«እውነቱን ለመናገር...» ኦባዳያ ቀደመ፣
«ሃምሳ እርምጃ ሲቀር አንዱ ወገን ዞረ፤
ያየሁት ጀርባ ነው፤ ሁልጊዜ ጀርባ ነበረ።
ሳንጃ ሆድ አይወጋም፤ ልብ ነው የሚወጋ፣
ከሩቅ፣ ሲያብረቀርቅ፣ ሰውነት ሳይጠጋ።»
ዬፊም ፈገግ አለ፤ «የኔስ» አለ፣ «በጉን
ጠብሷል፤ ድንች ቆፍሯል፤ ይዟል ሻማዬን።»

በሩ ሥር ነበረ አራተኛው ደንበኛ፣
ዲትማር፣ የናሳው ሰው፣ ዝም ያለ፣ ብቸኛ።
የየአገሩ ስልት አልነበር ከቃሉ፤
ዝቅ ብሎ ቢናገር ጎንበስ አለ ሁሉ።
«በረት ውስጥ ነው» አለ። «አንድ ብቻ ነው በር።
ለሱም ሆነ ለኔ መሸሻ አልነበር።
ከበሮም፣ ሆታም የለ፣ የሚያዝዘንም ሹም፤
ምራቁን ሲውጥ ሰማሁ። ስሙን ግን አላውቅም።
ጢም አልነበረውም።»
                  ከዚያ ወዲያ ዝም።

ዝናብ ጣራው ላይ ነው። ሠረገላ አለፈ፤
ኦኖሬ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አሳረፈ።

ተራው ደረሰና ጭኑን ዘረጋልኝ፤
ወስፌዬን አነሣሁ፤ ዓይኑ ተከተለኝ።
ከማሳ ለቃቅሞ አንድ ልጅ ነው የሸጠልኝ፣
ጫፉ የተሰበረ፣ ለጠፍር የሚመቸኝ።
የማን አገር ሥሪት? ማኅተሙ ዝጎ፣ እንጃ፤
ሦስት ማዕዘን አድርጎ የሚበሳ ሳንጃ።

ብዙ አየው። ከዚያ «አምጣው፣ ለኔ ስጠኝ» አለ፤
ሳመነታ ከእጄ ቀስ አድርጎ ነጠለ፤
እግሩን፣ የአኻያውን፣ ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣
ራሱ በሳው፤ ቀስ ብሎ።