ጥያቄ ቁጥር አራት

የቺሎዌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
የሰባተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ማታ፣
ከሠላሳ አንድ ወረቀት አንዷ ጋ ቆምኩ።

ምንባቡ አጭር ነው፦
«ሽማግሌው ጀልባውን ከዳር አደረሰ፤
ገመዱን ሳያስር ወደ ቤት ተመለሰ።»
«ለምን?» ይላል አራት። መልሱ «ሀ፣ ደክሞት» ነው፤
ዘጠኝ ዓመት እርማት በዚሁ ነው ያለፈው።

ሊካራየን ግን አራቱን ምርጫ ትታ፣
ጥጉ ላይ ጽፋለች፣ በእርሳስ፣ ቃል አስጠግታ፦
«ዓሣ አጥማጅ ገመድ ማሰር አይረሳም።
ባሕሩ ሞልቶ ሲወስድበት ሊይዝ አይነሣም።
ጨርሷል።»

በመልስ ቁልፉ ዜሮ ናት። ቀዩን ብዕር አነሣሁ፤
ያቺን «ሳያስር» ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ረሳሁ?
ብዕሩን አስቀምጬ፣ ምንባቡን ሳብኩና
ከመጀመሪያው መሥመር ጀመርኩ እንደገና።
የነጥቧ ሣጥን ባዶ ነው ገና።