የጥላው ሕግ

ቅዳሜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ፣ ከዚራ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት ጓሮ፣
ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትጠብስ፣ ማራገቢያው ሲዞር ተማሮ፣
አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንድ ካርታ፣ ሦስት እርሳስ፣
አንድ ባለሃያ ፊት ዳይስ፣
ጠርዟ የተሸረፈ፣ አስራ ሰባት ላይ መተኛት የምትወድ።
ዳኛው እኔ፣ ዘንዶው እኔ፣ ጨለማው እኔ፣ እኔው መንገድ።

ባለፈው ሳምንት ከዋሻው ወለል፣ ከአጥንቱ ክምር ሥር፣
አንድ ጃንጥላ አገኙ፤ እጀታው የቀንድ፣ ዘንጉ የብር።
ሲዘረጉት ሰው ይሰውራል። በቃ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት።
ከዚያ በኋላ ዘንዶውን ረሱት።

«ስንት ያወጣል?» አለ ጉሌድ፣ ገና ሳይነካው በጣቱ።
(ታይዋን ሱቅ አለው፤ የስልክ ሽፋን ነው ሀብቱ።)
«ዋጋ የሌለው ዕቃ የለም፤ በየከተማው ይሸጥ፤
ወርቅ ካለኝ ልግዛው፣ ከሰለቸኝም ልለውጥ።
ሰይፍ ትሸጥልን የለም ወይ? በቅሎስ? ገመድስ? ስንቅ?
ለአስማት ሲሆን ምን ነካህ? የምን መሽኮርመም፣ መራቀቅ?»

ነቢላ መነጽሯን ገፋች፤ ከፋርማሲ ነው የመጣች፤
በወረቀቷ ጥግ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥን ሣለች።
«በቀን ሦስቴ። ከዚያ ወዲያ ጥላው ጥላ ብቻ ነው።
መጠን የሌለው መድኃኒት፣ እሱን ነው መርዝ የምንለው።
ደግሞስ አንድ ሰው ስንት ይሸከም? ቀለበቱ ከነክታቡ፣
ጫማው፣ ቀበቶው፣ ጥላው... አይጋጩም ሲደራረቡ?
ሦስት ይበቃል ለአንድ ገላ፤ አራተኛው ያሳብዳል።»
«የት ተጽፏል?» አለ ጉሌድ። «አሁን ጻፍኩት። ይነበባል።»

ኢብሳ እስካሁን ዝም ብሎ የማንጎ አጥንት ይግጣል፤
ሲናገር ዘግይቶ ነው፣ ሲናገር ደግሞ ያስቆጣል።
«ሒሳቡን ስትጨርሱ ጥሩኝ። ይሄ እኮ አምፖል አይደለም።
ሲፈልግ ይሰውራችኋል፤ ካልፈለገ ደግሞ፣ የለም።
ማን እንደያዘው ያውቃል። ፈሪ ሲይዘው ይቀደዳል።
ሕግ የጻፋችሁለት ቀን አስማቱ ጥሎን ይሄዳል።»
«ታዲያ ዳይስ ለምን እንጥላለን?» ነቢላ ጠረጴዛ መታች፤
ዳይሷ ራሷ ዘለለች፣ አስራ ሰባት ላይ ተኛች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዳኛ ነኝ። ፍርድ ይጠበቃል።
የኔ ዓይን ግን ካርታው ላይ ነው፤ አንድ ነገር እዚያ ያብለጨልጫል፤
የጥላው ምልክት ይሁን ብዬ ያኖርኩት ፊሽካ፣ የነሐስ።
አባቴ ለገሃር ቆሞ፣ በአንዲት ረጅም እስትንፋስ
አስራ ሁለት ፉርጎ ያስነሣበት፣ ከነሽንኩርቱ፣ ከነሰው።
ሐዲዱ ዝም ያለ ዕለት፣ ከኪሱ አውጥቶ አየው፣
መልሶም ከተተው።
አስራ አንድ ዓመት ያዘው እንጂ አንድም ቀን አልነፋው።
ዋጋው ስንት ነው? ስንት እፍታ ቀረው? ማንንስ መረጠ?
ከሦስቱም ሕግ ብፈልገው፣ ፍርዱ ካፌ አመለጠ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ነቢላ፤ ሳልመልስ አንሥታ ነፋች፤
ያቺ አሮጌ ነሐስ ክፍሏን ለሁለት ሰነጠቀች።
ውጪ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ባጃጅ ቀጥ አለ፣ ሲጢጥ!
ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ በሁለት እጁ ሲለማመጥ፣
«ጌታዬ፣ መብራቱን አላየሁም! በልጆችህ ማረኝ!» ይላል፤
የሌለ ትራፊክ ይፈልጋል።

«ሠራ!» አለ ኢብሳ ዘሎ። «መረጣት! አላልኳችሁም?»
«ዋጋው ጨመረ» አለ ጉሌድ፤ «በአምስት መቶ አላገኘውም።»
ነቢላ መልስ አልሰጠች፤ እርሳሷን በምላሷ አርሳ፣
ከሦስቱ ሳጥን አንዱን አጠቆረች፣ ቀስ ብላ፣ ጎንበስ ብላ።

ሹፌሩ ግን እንደቆመ ነው፣ በዚያች በድሬዳዋ ፀሐይ፣
«ሂድ» የሚለው ሰው አጥቶ፣ ወዲያ ሲያይ፣ ወዲህ ሲያይ።
ብይኑን ለመጪው ቅዳሜ ቀጥሬ ወጣሁ ወደ በሩ፣
ክንዴን እንደ አባቴ ዘረጋሁ፣ ወደ መንገዱ ዳሩ።
አንዴ። ረጅም። ነፋሁት።
ባጃጁ ተንቀሳቀሰ፣ ከነሽንኩርቱ፣ ከነሰው።

ስመለስ፣ ነቢላ ሁለተኛዋን ሳጥን እያጠቆረች ነው።