ሠላሳ ስድስት

ዕቁብ ደረሰኝ በጥር፣ ዐሥራ አራት ሺህ ብር፤
እናቴ «ፍሪጅ» አለች፤ ልቤ ሌላ ጋ ነበር።
ከታቦር ግርጌ በባጃጅ ወረድኩ ወደ ፒያሳ፣
ብሩን ጨብጬ በመዳፌ፣ እንደሚያሟልጭ ዓሣ።

የዱካሞ ፎቶ ቤት፣ በሁለት ሞባይል ቤት መሀል ተጨቁኖ፣
ታፔላው ላይ «ፎቶ» የሚለው ቃል «ፎ» ብቻ ሆኖ፤
መስኮቱ ላይ ሙሽሮች፣ በሠላሳ ዓመት ፀሐይ ገርጥተው፣
እስከ ዛሬ ኬክ ሊቆርሱ ቆመዋል፣ ቢላ አንሥተው።

«የፊልም ካሜራ» አልኩት፤ «ለጀማሪ የሚሆን ካለ።»
ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤
«ስልክሽ ተበላሽቶ ነው?»
        «ደኅና ነው። ዘጠኝ ሺህ ፎቶ አለበት፤
ተመልሼ ያየሁት ግን አንድ እንኳ የለበት።»

ዝም አለ። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየና
ሦስት ጥቅል አወጣ፣ በአሮጌ ፎጣ፤ አቧራውን እፍ አለና፦

«ይህቺ ዜኒት ናት፤ የሩሲያ ብረት፣ ክብደቷ የወፍጮ መጅ፤
በደርግ ጊዜ አንድ ሻምበል ለዕዳው የጣላት ልጅ።
ከፎቅ ብትወድቅ ለአስፋልቱ እዘኚ። ብርሃን መለኪያዋ ግን ሞቷል፤
ፀሐይን በዐይኑ ለሚመዝን ትሁን፤ ላንቺ ጊዜው ይቀረዋል።

ካኖኗን እዪያት፣ ቆንጆ ናት፤ ሁሉን ራሷ ታስባለች፤
ባትሪዋ ያለቀ ቀን ግን እንደ አማት ታኮርፋለች።
ያን ባትሪ ሐዋሳ ውስጥ ስትፈልጊ ክረምት ይገባል።

ይህቺኛዋ ግን...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
የጠርዟ ጥቁር ቀለም ተፍቆ ነሐሱ ፈገገ።
«ፔንታክስ። መስኮቷ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች፤
ብርሃን ሲበዛ ወደ ላይ፣ ሲያንስ ወደ ታች ትላለች፤
መሀል ላይ ስታቆሚያት፣ ያኔ ተኩሺ። በቃ።
ባትሪው ቢሞት መርፌዋ ትተኛለች፣ መዝጊያው ግን እንደነቃ።»

«ዋጋዋ?»
        «ዐሥራ አንድ ሺህ። ብርሽን ግን አሁን አልነካም፤
መታወቂያሽን ተዪና እስከ ሐሙስ ውሰጃት፤ ፊልም አላስገባም።
ሠላሳ ስድስቴ ተኩሺ፣ እያንዳንዷን በደብተር ጻፊ፤
ሠላሳ ሰባት የለም፤ ከዚያች አትለፊ።»

አሞራ ገደል። ጠዋት። ከደብተሬ፦

    አንድ፣ አባ ኮዳ፤ የዓሣ ሆድዕቃ ላይ ቆሞ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ።
    ሁለት፣ ያው አባ ኮዳ። (ቸኮልኩ።)
    ሦስት፣ ክንፉ ብቻ። (አሁንም።)
    ሰባት፣ ቆሮሶ የሚፍቅ ልጅ፤ አንዲት ቅርፊት ቅንድቡ ላይ
          ስታብረቀርቅ። መርፌዋን ረሳሁ።
    ዐሥራ ሁለት፣ ታንኳ። ሐይቁ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ነጭ፤
          መርፌዋ ወደ ላይ ሸሸች፤ ቀዳዳውን አጠበብኩ፤ ተመለሰች።
    ዐሥራ ዘጠኝ፣ ምንም። ጣቴ በራሱ ጊዜ ተጫነ።

ከሃያ በኋላ ጣቴ መፍራት ጀመረ።
ማክሰኞ ሙሉ ቀን ዞሬ፣ ሦስት ብቻ።

ሠላሳ ስድስት፤ ረቡዕ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፤ እናቴ በር ላይ፣
«ፍሪጁ ይኼ ነው?» አለችና ተቀመጠች በዱካው ላይ።
ሽርጧን ፈታች። እጇን የት እንደምታደርገው ቸገራት፤ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፣
በግራ እጇ ቀኝ እጇን፣ እንደ ሰው እጅ፣ ጨበጠችው።
መርፌዋ መሀል ቆመች። ተኮስኩ።
        «መቼ ይታጠባል?» አለች፤
«ቅዳሜ» አልኩ። ዋሸሁ። ሽርጧን መልሳ አሰረች።

ሐሙስ፣ ዱካሞ ደብተሩን አነበበ፤ ሁለተኛው አባ ኮዳ ላይ ሳቀ፤
መጨረሻው መስመር ሲደርስ ግን ጣቱ ገጹ ላይ ደረቀ።
«የቷ ናት ያመመችሽ?» አላለኝም። ጓዳ ገባ። ፍሪጅ ሲከፈት ተሰማኝ፤
ከሚሪንዳና ከኢንሱሊኑ መሀል አንድ ጥቅል ፊልም አመጣልኝ።
«ሦስት ሺህ። ሙቀት ይገድለዋል፤ ሌላ ስትገዢ ማስቀመጫ አለሽ?»
ቆጠርኩለት፤ ዐሥራ አራቱም ሺህ፣ ሙጥጥ።
«እናቴ ነግራኝ ነበር» አልኩት።

ቅዳሜ፣ በዚያው በር፣ በዚያው ዱካ፣ በዚያው ሰዓት፣
አዲስ ሻሽ አስራ ጠበቀችኝ፤ ከንፈሯን ቀለም ቀብታት
የጎረቤት ልጅ። እጇን የት እንደምታደርገው አሁን ታውቃለች።
መርፌዋ መሀል ቆመች።

    አንድ፣ እናቴ። ጥሩ ብርሃን።
    ያቺኛዋ አይደለችም።