ታኮ

ደሴ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ጋሽ እብሬ ተኝቷል፤ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ የአፈር።
ደም በአንጎሉ ፈሶ፣ ምላሱን ቆልፎ፣
ቀኝ ጎኑን እንዳለ ከሥራ አሳርፎ።
ያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐረጎን የወረደ፣
መታጠፊያውን ሁሉ እንደ ዱዓ የሸመደደ፣
ዛሬ ማንኪያ ሲሰጡት፣ ማንኪያውን ያየዋል፤
ምን እንደሚያደርጉበት እጁ ዘንግቶታል።

ዘምዘም፣ ሰውነት የምታፍታታው፣ የገራዶ ልጅ፣
«አንሣ» ትለዋለች፣ «ቀስ ብለህ፣ ይኸን እጅ።»
አይነሣም።

እኔ የድሮ ረዳቱ ነኝ፤ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ።
ምን እጠቅማለሁ? ወሬ ነው የያዝሁ።
«ጋሽ እብሬ፣ ያ ክረምት ትዝ ይልሃል? ያ ጭቃ፣
ኤንትሬው ሲሚንቶ ጭኖ፣ ተሳቢው ሲንቋቋ፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስተዋቱን ሲያለብስ፣
ኩርባው ላይ ግመሎች ፊት ሳናስበው ስንደርስ፣
ፍሬን ረገጥህ...»

ብርድ ልብሱ ሥር አንድ ነገር ነቃ።
ቀኝ እግሩ።
የሞተው።

ዘምዘም ሮጣ መጣች። «ድገምለት» አለች።
ጣቷን ከባቱ ላይ አሳርፋ አደመጠች፤
«ፍሬን» ስል ይወጠራል፤ «ደመና» ስል ዝም።
«ማርሽ» ስል ትከሻው፤ «ሲሚንቶ» ስል ምንም።
«እግርን የሚያዘው» አለች፣ «ያ የአንጎል ጓዳ
ስለ መርገጥ ሲወራም አይሆንም ባዳ፤
ቆመህ እየሰማህ፣ ምንም ሳትራመድ፣
ውስጥ ለውስጥ ትሄዳለህ፣ ቃሉ ያለውን መንገድ።»

ማታ ሸዋበር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አሰብሁት፤
«ገባኝ» እንላለን፣ ነገሩን ሲረዱት።
ጆሮ ነበር በሩ፣ እኔ እስከማውቀው፤
በእግርም ይገባል ለካ፣ እግር ካወቀው።

በዘጠነኛው ቀን ብርቱካን ስልጥለት፣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ፣
ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ ዝገት የበላው፣ አንድ ቃል ከጋሽ እብሬ፦

«ታኮ!»

ብርቱካኑ ወደቀ።
ስድሳ ሊሞላኝ ሁለት የቀረኝ ሰው፣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣
ወለሉ ላይ ነበርሁ፤ መቼ ወረድሁ፣ እንጃ፤ ማንም አላወረደኝ።
ከአልጋው ጎማ ኋላ ጫማዬን ሸጉጬ፣
ዳገት ላይ የቆምን ያህል ጥርሴን አፋጭቼ፣
ዘምዘም በሩ ላይ ሆና «ምን ጠፍቶህ ነው?» ስትለኝ
ቃሉ ገና፣ በጆሮ በኩል፣ አልደረሰኝ።